የሻደይ ማለዳ ወረፋ

ይኸውልሽ የኔ ዓለም፣ ጠጋ በይና ስሚኝ፤ ሳቅሽን ግን እስክጨርስ ያዢልኝ። ጥሩሐረግ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የእነ ሸጌ ካብ ላይ ነበረች። ካቡ ሥር አላልኩሽም፣ ካቡ ላይ። አንድ እግሯ ወደ ግቢው፣ አንድ እግሯ ወደ መንገዱ፤ ወገቧ ላይ ያሰረችውን የሻደይ ሣር ደግሞ ካቡ ላይ የተጋደመው እሾህ ይዞ አልለቅም ብሏታል። በበሩ ያልገባችው በሩ የቆርቆሮ ስለሆነ ነው፤ ሲከፈት ጩኸቱ ሦስተኛ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። እሱ ከጮኸ የሸጌ እናት እትዬ ባንቺ ይነሳሉ። እትዬ ባንቺ ከተነሱ ደግሞ የጥሩሐረግን የአራት ቀን ጥናት ውኃ በላው።

ሸጌ ተኝታ አልነበረም። ለብሳ፣ ተጫምታ፣ ደጃፉ ላይ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ቀና ብላ ጓደኛዋን ካብ ላይ ስታያት ወዲያው ዓይኗን በእጇ ከለለች።

"ጥሩዬ፣ ይቅርብን" አለች። "አንቺን እዚያ ላይ ሳይሽ እንኳ ራሴን አዞረኝ።"

"የተሰቀልኩት እኔ፣ የሚዞርሽ አንቺ? ነይ ይልቅ ሣሬን አላቂልኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ አሥረኛን በአንድ ወንበር ተቀምጠው ነው የጨረሱት። ጥሩሐረግ ውጤቷን እየጠበቀች ነው። ሸጌ ግን አልጠበቀችም፤ ቤይሩት ልትሄድ ነው። አጎቷ ምሳው ጭነት መኪና አለው፤ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተነስቶ ወልድያ ያደርሳታል፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ዓርብ ደግሞ አውሮፕላን። ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን፣ ሻደይ በሚገባበት ዕለት፣ የሰቆጣ ልጃገረድ ሁሉ ሣሯን አስራ ከበሮዋን ይዛ በምትወጣበት ዕለት ማለት ነው። ቀኑን የቆረጠው አዲስ አበባ ያለው ደላላ ነው። ደላላ ስለ ሻደይ ምን ያውቃል?

ሸጌ ፈሪ እንዳትመስልሽ። ጅብ አትፈራም፣ የሒሳብ አስተማሪያቸውንም አትፈራም፤ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ቀድማ የምትገባው እሷ ናት። ከፍታ ግን አይሆንላትም። ከቆጥ ላይ ዶሮ ለማውረድ በርጩማ ላይ ስትወጣ እንኳ ግድግዳውን ሙጭጭ ብላ ትይዛለች። ይባስ ብሎ ከቤይሩት የተመለሰች አንዲት ልጅ፣ አውሮፕላን ሲነሳ ሆድሽ መሬት ላይ ይቀርና አንቺ ብቻ ትሄጂያለሽ ብላ አወራቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሸጌ እህል በአግባቡ ቀምሳ አታውቅም። ለጥሩሐረግ ብቻ ሹክ ያለቻት ነገር አለ፤ አውሮፕላኑ በር ላይ ስደርስ እግሬ እንደማይገባ አውቀዋለሁ ብላታለች። ሁለት በሬ ተሸጧል። ፓስፖርት ወጥቷል። ታናናሾቿ የትምህርት ቤት ልብስ በህልማቸው ማየት ጀምረዋል። በሩ ላይ ደርሳ "አልገባም" ብላ ብትቀመጥስ?

እንግዲህ በዚህ ጭንቅ መካከል ነው መንኮራኩሩ ሰቆጣ የመጣው። ከደሴ፣ ለሻደይ ከመጣው ባዛር ጋር። ትልቅ የብረት ክብ ነው፤ አራት ወንበር አለው፣ በየወንበሩ ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ ወንበሩ እየተወዛወዘ ወደ ላይ ይወጣና በወዲያ በኩል ይወርዳል። ከላይ ሲደርስ ሁለት ቤት ቢደራረብ ነው። ባለቤቱ ጋሼ ደሞዝ የሚባል ትከሻው የበሬ ትከሻ የሚያህል ሰው ነው፤ ሞተር የለውም፣ ወንበሩን እየሳበ በገዛ እጁ ያዞረዋል።

ጥሩሐረግ እንዳየችው ገባት። ሸጌ እዚህ ላይ ወጥታ ከወረደች አውሮፕላኑን ትለምደዋለች። ልክ እንደ ሙከራ ፈተና በይው።

ከዚያ ጥናት ጀመረች። አራት ቀን ሙሉ ሜዳው ዳር ካለው ግራር ሥር ተቀምጣ ትቆጥር ነበር። ቀትር ላይ ወረፋው እባብ ሆኖ ይጠመዘዛል፤ ጋሼ ደሞዝም ትከሻው ስለሚዝል ስድስት ዙር አዙሮ "ውረዱ" ይላል። ማለዳ ግን ሰው የለም፣ ጉልበቱም ትኩስ ነው፤ አንድ ቀን ለሁለት ወታደሮች ሃያ ዙር ሲያዞር በዓይኗ አየች። ስድስት ዙር ለአውሮፕላን ምን ይሠራል? ሃያው ነው የሚያስፈልገው። ደግሞ ከአራቱ ወንበሮች ሰማያዊው ብቻ እንደማይንሻፈፍ ደረሰችበት። ጸጉር ማታ ተሠርቶ፣ ልብስ ለብሶ ተኝቶ፣ ሆድ ባዶ ሆኖ፣ በዋናው መንገድ ሳይሆን በወፍጮ ቤቱ ጀርባ መሄድ እንደሚገባ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ለብሔራዊ ፈተና እንዲህ ብታጠና ኖሮ ውጤቷን ስትጠብቅ ጥፍሯን ባልበላች።

አንድ የሚያስፈራት ነገር ነበር። አሥራ ስድስት የፍልሰታ ዕለት ነው፤ ከተማው በሙሉ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያድራል፣ ሲነጋጋ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ሜዳው አፍንጫ ሥር ነው። እሱንም አሰበችበት። አምና በዚሁ ዕለት ከቅዳሴ መልስ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አልነበረም። አሥራ አምስት ቀን የጾመ ሰው ዶሮ ወጥ እየጠበቀው ወዴት ይዞራል? እንደ ጎርፍ ወደ ቤቱ ነው የሚሮጠው። ስለዚህ ሰው ዶሮው ላይ ሲያጎነብስ እነሱ ሰማይ ላይ ናቸው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሸጌ ቤቷ ትመለሳለች፤ እትዬ ባንቺም አያውቁም።

እትዬ ባንቺ ማወቅ የለባቸውም፤ ቀድመው ከልክለዋላ። መንገደኛ በብረት አይጫወትም ብለዋል፣ ደም ካየ መንገዱ ይሰናከላል ብለዋል። ጉዞውንም ለማንም እንዳይወራ አጥብቀው አዘዋል፤ ዓይን አለ፣ ሟርት አለ፣ ልጅቷ ደርሳ ስልክ እስክትደውል ድረስ ማንም እንዳይሰማ። የሠፈር ሰው ሲጠይቃቸው "ወልድያ አክስቷ ዘንድ ለዕረፍት" ይላሉ።

ሣሩ ተላቀቀ። ግማሹ እሾህ ላይ ቀረ እንጂ ተላቀቀ። ሸጌ በካቡ ወጥታ መዝለል ስለማትችል ጥሩሐረግ ከካቡ ሥር ያለውን የውኃ መውረጃ አሳየቻት፤ ልጅቷም በቤይሩት ጫማዋና በጂንስ ሱሪዋ በደረቷ እየተሳበች ወጣች። ጭቃዋን ስታራግፍ፣ ከዛሬ ወዲያ ምን የቀረኝ ውርደት አለ ብላ ሳቀች። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ በእውነትም ማንም የለም። ጥሩሐረግ ደረቷን ነፋች። ጋሼ ደሞዝ ከሸራው ሥር ወጥቶ ከጀሪካን ፊቱን ሲታጠብ ሁለት ልጃገረዶች፣ አንዷ ወገቧን የተቀደደ ሣር አስራ፣ አንዷ ደረቷ በጭቃ ተለውሶ፣ ሰማያዊው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

እንዲህ ማልደው የመጡ ደንበኞች አይቶ እንደማያውቅ ነገራቸው። ግን ላዞራችሁ አልችልም አለ።

"ለምን ጋሼ?"

"ሚዛን ነው ልጆች። አንድ ወንበር ላይ ብቻ ሰው ከተቀመጠ ወደ ታች መጥቶ ይገተራል። ፊት ለፊታችሁ የሚቀመጥ እኩያችሁን አምጡ።"

ይህ ደብተሩ ላይ አልነበረም። አራት ቀን ስትቆጥር ባዶ ወንበር አይታ አታውቅማ፤ ሁለቱ ወታደሮችም ሌሎች ሁለት ወታደሮች ፊት ለፊታቸው ነበሩ፣ እሷ የቆጠረችው ዙሩን እንጂ ሰዉን አይደለም። ሸጌ ፈጥና ተነሳች። "በቃ፣ አልሆነም፣ እንሂድ" አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ያለው ደስታ ጥሩሐረግን አናደዳት።

"ድንጋይስ አይሆንም ጋሼ?"

ጋሼ ደሞዝ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ለረጅም ጊዜ አያት። አሥራ አንድ ዓመት ሲያዞር ፊት ለፊቴ ድንጋይ ይቀመጥልኝ ያለው ሰው አልገጠመውም። ቢሆንም እንቢ አላለም። ከባድ ከባድ ድንጋይ ልቀሙ አላቸው።

ለቀሙ። የፈረሰ ካብ ነበር ሜዳው ዳር፤ ከዚያ እየተሸከሙ ቀዩ ወንበር ላይ ከመሩ። ጥሩሐረግ ከሻደይ ሣሯ የቀረውን ፈትታ መሸከሚያ አደረገችው። ጋሼ ደሞዝ ደግሞ አንዴ ሁለቱንም አስቀምጦ ይመዝናቸዋል፣ አንዴ "ሁለት ጨምሩ" ይላል፣ አንዴ "ይህች ቀጭኗ ምን ትበላለች? አንዱን ቀንሱ" ይላል። አንድ ጊዜ ወንበራቸው ከመሬት ስንዝር ያህል ብድግ ሲል ሸጌ የጥሩሐረግን ክንድ ጨምድዳ ያዘችው፤ የጣቶቿ ምልክት እስከ ማታ ተነቅሶ ዋለ። ግን አልወረደችም። ጥሩሐረግ ይህን ልብ ብላለች፤ አልወረደችም።

ልክ ሚዛኑ ሲስተካከል፣ ጋሼ ደሞዝም እጁን ተፍ ብሎ ሲያሻሽ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል እልልታ ተሰማ። ቅዳሴው አለቀ።

ጥሩሐረግ አልደነገጠችም፤ "አሁን ወደ ዶሮአቸው ነው" አለች። ሰዉ ነጭ ለብሶ በበሩ ወጣ፤ መንገዱ ከሚከፈልበት ደረሰ። በቀኝ ቤት ነው፣ በግራ ሜዳው። የፊተኞቹ ቆም አሉ፣ ወደ መንኮራኩሩ አዩ፣ አንድ ሁለት ተባባሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ ግራ ታጠፈ። ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ ልጅ ያዘለችው፣ ሁሉም።

ከሁሉም ፊት አባ ገብረ አምላክ ናቸው፤ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው። ጥሩሐረግም ሸጌም ሳያስቡት ከሰማያዊው ወንበር ብድግ አሉ። "ኖር አባ" አሉ በአንድ ድምፅ። ምን ታደርጊዋለሽ፤ ታላቅ ሲመጣ እግራችን እኛን ሳያማክር ነው የሚነሳው።

"በእግዜር ልጆቼ፣ በእግዜር" አሉ አባ፤ የለቀቁላቸውም ወንበር ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

ጥሩሐረግ ጠጋ አለች። "አባ፣ ቤት አይሄዱም እንዴ? ወጡ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ነው።"

"የምን ወጥ ልጄ?"

"የዶሮው ነዋ።"

አባ ጃንጥላቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። "ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።"

አየሽ። ፍልሰታ ረቡዕ ከዋለ ጾሙ አይፈታም፤ ዶሮው ለነገ ነው። ይህን ሰቆጣ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም፣ የስድስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። የጥሩሐረግ እናት ትናንት ማታ ሁለት ጊዜ ተናግረዋል፤ እሷ ዙር እየቆጠረች አልሰማችም። ሌላው ይቅር፣ ዛሬ ንጋት የቀሰቀሳት የቤታቸው አውራ ዶሮ ነው፤ እግዜር ይስጥህ ብላው ወጣች እንጂ አንተ ለምን እስካሁን በሕይወት አለህ ብላ አልጠየቀችውም። እና ከተማው በሙሉ ቤቱ የሚያስቸኩለው ወጥ የለም። ሽሮ ደግሞ የትም አይሄድም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነውን በትዕግሥት ስሚኝ። አባ ገብረ አምላክ ወጡ። ከጎናቸው ዲያቆን ተቀመጠ፣ ድንጋዩም ተራግፎ ሌሎቹ ወንበሮች ላይ ሦስት አዛውንትና ሦስት ባልቴት። መንኮራኩሩ መዞር ሲጀምር አባ መስቀላቸውን አወጡ። ወደ ታች በመጡ ቁጥር ሴቶቹ ሊሳለሙ ይንጠራራሉ፣ ጋሼ ደሞዝም ሰው እንዳይመታ ያቀዘቅዛል፤ አራት ዙር ለመሳለሚያ ብቻ ሄደ። አንዲት ባልቴት ከላይ ሆነው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ልጃቸውን ይጠሩ ጀመር፤ ማሳቸው ውስጥ የሰው ፍየል ስላዩ ሄደህ አባርር ነው የሚሉት። ልጁ ፍየሉን ሊያባርር ሮጠ፤ እሳቸው በየዙሩ በስተግራ፣ በስተቀኝ እያሉ ይመሩታል።

እነሱ ወረዱ። ጥሩሐረግ ሸጌን ጎትታ አንድ እርምጃ ተጠጋች። "ኖር" ማለት መጣ፤ የመጡት ግዙፉ ጡረተኛ አቶ ትእዛዙ ናቸው። አቶ ትእዛዙ ሲቀመጡ ወንበሩ መሬት ነካ። ፊት ለፊታቸው ሁለት ሰው ቢቀመጥ አልተነቃነቀም፣ ጋሼ ደሞዝ ዙሪያውን ቃኘና የጥሩሐረግን ድንጋይ አየ። ያንን ሁሉ ድንጋይ መልሶ ከመረው። እና ልጄ፣ ሁለቱ በጀርባቸው ተሸክመው ያመጡት ድንጋይ አቶ ትእዛዙን ሰማይ አወጣ።

ከዚያ ሌላ ኖር፣ ከዚያ ሌላ። እናት ልጅ አዝላ ስትመጣ እንዴት አታሳልፊያትም? ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ ነፋሱን ልቅመስ ሲሉ እንዴት እምቢ ትያለሽ? ከፊት የጀመረችው ጥሩሐረግ እያሳለፈች እያሳለፈች ጀርባዋ የፈረሰውን ካብ ነካ። ሌሎቹ ልጃገረዶች ሣራቸውን እንዳሰሩ ከበሮ ይዘው መጡ፤ እነሱም ከኋላ ሆነው ሳቁባት፣ አንቺ ከመቼ ጀምሮ የሥነ ሥርዓት ኃላፊ ሆንሽ አሏት።

አቶ ትእዛዙ ወርደው በአጠገቧ ሲያልፉ ሰዓት ስንት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ለሁለት ሩብ ጉዳይ ነው አሉ።

"አየሽ ጥሩዬ" አለች ሸጌ፤ ፊቷ ፈካ ብሏል። "እግዜርም አልፈቀደውም። እኔ እኮ ብዬሽ ነበር። አሁን ቤት እንሂድ።"

ጥሩሐረግ አየቻት። ሸጌ ደስ ብሏታል። እንደ ተፈታ እስረኛ ደስ ብሏታል፤ ዓርብም አውሮፕላኑ በር ላይ እንዲሁ ደስ ብሏት፣ እግዜር አልፈቀደውም ብላ ትዞራለች። ከዚያስ? በሬዎቹ አይመለሱ፤ እትዬ ባንቺ ገበያ መሀል በምን ፊታቸው ይሄዳሉ? ሸጌስ ራሷን ይቅር ትላለች? ጥሩሐረግ ስትፈራም ስትቆጣም አንድ ናት፤ ምላሷን መያዝ አትችልም።

"አባቶቼ፣ እናቶቼ" አለች ካቡ ፍራሽ ላይ ወጥታ። ሜዳው ዞሮ አያት። "ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እትዬ ባንቺ ቢገድሉኝም ልናገር። ሸጌ ዛሬ ወደ ቤይሩት ትሄዳለች። ሩብ ሰዓት ነው የቀራት። ከፍታ ስለምትፈራ እዚህ ላይ ልታለማምደኝ ነበር የመጣነው…" ተሳሳተች፣ "ላለማምዳት ማለቴ ነው። እባካችሁ አሳልፉን።"

ሸጌ ሻርቧን ፊቷ ላይ ጎተተች። አባ ገብረ አምላክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ይህን ማን ያላወቀ አለ?" አሉ።

"ያውቁ ነበር?"

"ቀኑን እናውቃለን፣ መኪናውን እናውቃለን፣ ዓርብ ስንት ሰዓት እንደምትበርም እናውቃለን። እናቷ ከደበቀች ያልነገረችንን እንዴት እንወቅ? እንዳላወቅን ሆነን ተቀመጥን እንጂ።"

ይሄኔ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከወዲያ ምህረት የምትባል ጎረቤት ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አንድ ቋጠሮ አወጣች። ቤይሩት ላለች እህቷ የምትልከው በርበሬ ነው፤ ሦስት ቀን በብብቷ ይዛ ስትዞር ሰንብታለች፣ ጉዞው ሳይነገር እንዴት ትስጥ? እሷ ስታወጣ ሌሎችም አወጡ። አንዷ ድርቆሽ፣ አንዷ ለልጇ ደብዳቤ፣ አንዷ ማተብ። ሸጌ ሻርቧን ከፊቷ አንስታ፣ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ሁለቱንም። አባ በመቋሚያቸው ሰዉን ግራና ቀኝ ከፈሉት። ሰማያዊው ወንበር ባዶ ነበር።

ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸው ሁለት የከበሮ ልጆች ተቀመጡ፣ ሌሎቹም ሞሉ። ጋሼ ደሞዝ ትከሻውን እያሻሸ፣ ከዚህ ዙር በኋላ ሳላርፍ ንጉሥ ቢመጣ አላዞርም ብሎ አስታወቀ። ሸጌ ብረቱን በሁለት እጇ ጨበጠች።

የመኪና ጥሩምባ የተሰማው በዚህ ጊዜ ነው። ምሳው መኪናዋን ሜዳው ዳር ድረስ አምጥቶ አቁሟታል፤ ሻንጣውም ስንቁም ላዩ ላይ ነው። ከጋቢናው እትዬ ባንቺ ወረዱ። ነጠላቸው ተጣሟል፣ የአንዱ እግራቸው ጫማ የሸጌ የትምህርት ቤት ጫማ ነው፤ ልጅ አጥተው ሲወጡ ያገኙትን ተጫምተው ነው። ሰዉ ከፊታቸው ገለል ገለል አለ፤ አባ ገብረ አምላክ ሳይቀሩ ጃንጥላቸውን መመርመር ጀመሩ።

እትዬ ባንቺ ወንበሩ ፊት ቆሙ። ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ መንገደኛ በብረት ይጫወታል ወይ ሊሉ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ግን የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ።

ጥሩሐረግ አየቻቸው፤ ሸጌንም አየች። አራት ቀን የቆጠረችው፣ ካብ ላይ የተሰቀለችው፣ ድንጋይ የተሸከመችው ለዚህ ወንበር ነበር፤ ከሸጌ ጎን እሷ ልትሆን። ጋሼ ደሞዝም የመጨረሻ ነው ብሏል። ብረቱን ከፍ አደረገችና ተነሳች።

"ኖር እትዬ" አለች።

"እኔ?" አሉ እትዬ ባንቺ። "አንቺ ልጅ ጤናሽ ነው?"

"እሷ ፈርታለች። ዓርብ ከማን ጎን እንደምትቀመጥ አናውቅም። ዛሬ ከእርስዎ ጎን ትቀመጥ።"

እትዬ ባንቺ ዙሪያቸውን አዩ። ከተማው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ሰው መሀል ተነስቶ የተለቀቀልሽን ቦታ መግፋት ነውር ነው። ልጃቸውን አዩ። ሸጌ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች።

"በእግዜር" አሉ እትዬ ባንቺ ቀስ ብለው፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። ጥሩሐረግ ብረቱን ደፋችባቸውና እጇን ለጋሼ ደሞዝ አነሳች። መንኮራኩሩ ሲነሳ ከሥር ሆና የምታየው አራት የጫማ ሥር ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ጭቃ የነካው አዲስ፣ ሁለቱ የማይመሳሰሉ። ወጡ፣ ወረዱ፣ ደግሞ ወጡ። ልጃገረዶቹ ከታች ከበሮውን መቱ፣ ሰዉ አጨበጨበ፣ ምሳውም ጥሩምባውን በምቱ ልክ ይነፋ ጀመር። ስንት ጊዜ እንደዞረ ጥሩሐረግ አልቆጠረችም።

ሲወርዱ ለመሰነባበት ጊዜ አልነበረም። በርበሬው፣ ድርቆሹ፣ ደብዳቤው በመስኮት እየተወረወረ ገባ፤ አባ መኪናዋን በመስቀል ባረኩ፣ እትዬ ባንቺ እስከ ወልድያ ሊሸኙ ጋቢና ገቡ። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ጥሩሐረግ ከጎኗ ሮጠች፤ የተቀደደ ሣሯን በአንድ እጇ ይዛ፣ ምን እንደምትል ጠፍቷት ኖሮ፣ ከላይ ምን ይታያል ብላ ጠየቀች። ሸጌ በመስኮት አንገቷን አውጥታ የመለሰችላት፣ አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ይህችን ነው፦

"እናቴ እስክንወርድ ዓይኗን አልገለጠችም፤ እኔ ግን ለሦስታችንም አየሁ።"